ሶላር ላይ ባትሪ መጨመር ለጎንደር ቤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግንቦት ሲጋመስ የጎንደር ሰማይ ይከብዳል። ነጎድጓዱ ይጀምራል፣ መብራቱም ይሄድ ይመጣ ጀመር ማለት ነው። ባትሪ ትዝ የሚለን ያኔ ነው። ከሰኔ በፊት ቢታሰብበት ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ ንዴት ይተርፋል።

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ባትሪ የሚገዛው ለቤቱ በሙሉ አይደለም፣ ያለ እነሱ ማደር ለማይቻል ጥቂት ነገሮች ነው። ልኩም የሚወሰደው በጥር ፀሐይ ሳይሆን በነሐሴ ደመና ነው። ከታች የምመልሰው ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

ጣሪያዬ ላይ ሶላር አለ። መብራት ሲጠፋ ቤቴ ለምን አብሮ ይጨልማል?

ኢንቨርተራችሁ፣ ማለትም ከፓኔሉ የሚመጣውን ዲሲ የተባለ ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚጠቀምበት ኤሲ የሚቀይረው ሣጥን፣ ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ብቻ እንዲሠራ የተሠራ ዓይነት ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለው ኢንቨርተር መስመሩ ሲሞት ራሱን ያጠፋል። ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው። ባያጠፋ ኖሮ ከእናንተ ጣሪያ የሚወጣው ኃይል ወደ ምሰሶው ተመልሶ፣ መስመሩ ሞቷል ብሎ የወጣውን ሠራተኛ ይገድለው ነበር።

መፍትሔው ሃይብሪድ የሚባለው ኢንቨርተርና ባትሪ ነው። ሃይብሪዱ መብራት ሲጠፋ ቤቱን ከውጭው መስመር ይቆርጥና ከፓኔሉና ከባትሪው ብቻ ያበራል። ያላችሁ ኢንቨርተር ባትሪ የማይቀበል ከሆነ መቀየር ግድ ነው። ባትሪ ገዝታችሁ ቤት ካስገባችሁ በኋላ ይህን ከመስማት በፊት፣ ኢንቨርተሩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሡና ለባለሙያ አሳዩ።

ጣሪያዬ ላይ ያለው የውሃ ማሞቂያ ሶላር ነው። ባትሪ ልቀጥልበት እችላለሁ?

አይቻልም። እሱ ውሃ ያሞቃል እንጂ ኤሌክትሪክ አያመነጭም።

ግድቡ ተመርቆ የለ እንዴ? ከዚህ በኋላ ባትሪ ምን ያደርጋል?

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ ደስታውም የሁላችን ነው። ግን ኃይል ማመንጨትና ኃይሉን እናንተ ቆጣሪ ድረስ ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ክረምት ላይ ሰፈር የሚጨልመው ብዙ ጊዜ ባሕር ዛፍ ሽቦ ላይ ስለወደቀ፣ ምሰሶ ስላዘመመ ወይም ትራንስፎርመሩ መብረቅ ስለመታው ነው። ጣና በለስ ቅርባችን ሆኖ 460 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ስንት ዓመቱ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ያለው ሽቦ ሲበጠስ ግን ቅርበቱ ምንም አይረዳንም። ባትሪ የሚሸፍነው ይህን የመጨረሻውን ክፍተት ነው።

ስንት ባትሪ ያስፈልገኛል?

በመጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። መብራት ሲጠፋ የግድ መሥራት ያለበትን ብቻ ጻፉ፣ ዋቱን በሰዓቱ አባዙ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሆኑ 6 አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 270 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 80 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 320። ዋይፋይ 10 ዋት ቀንና ሌሊት 240። ስልኮች ተደምረው 60 ቢሆኑ። ፍሪጅ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት (1,000 ዋት ሰዓት) ገደማ ይበላል ብለን እንያዝ። ድምሩ 1.9 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይመጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያቆመው ነገር አለ፣ ሻጩም አይነግራችሁም። ኢንቨርተሩ ራሱ ይበላል። ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ምንም ሳይሠራ ዝም ብሎ በርቶ ሲያድር እስከ 50 ዋት ሊስብ ይችላል፣ ይህ ደግሞ በ24 ሰዓት 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ማለትም ከፍሪጁ ይበልጣል። ስለዚህ የዚህ ቤት እውነተኛ ፍጆታ በቀን 3.1 ነው።

ገበያ ላይ የተለመደው ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ከዚያ 90 በመቶውን ብትጠቀሙ 4.6 ነው። ያለ ምንም ፀሐይ አንድ ቀን ተኩል ያህል ያቆያችኋል። ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበቃል። ሁለተኛ ባትሪ ልጨምር ለሚለኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ፓኔሉን ቁጠር። ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

አምፖልና ዋይፋይ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ግን ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር አያስፈልገውም። ትንሹ ኢንቨርተር ራሱም ትንሽ ነው የሚበላው።

እንጀራ መጋገር እችላለሁ?

በባትሪ? ባትጋግሩ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል። ሙሉ ጉልበቱን እየሳበ አንድ ሰዓት ተኩል ቢቆይ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው፣ ባትሪያችሁም አለቀ። ጋግራችሁ ሳትጨርሱ ጨለማ ውስጥ ትቀመጣላችሁ።

ምጣዱ፣ ስቶቩና የሻወር ማሞቂያው ከባትሪው መስመር ውጭ ይሁኑ። ባለሙያው ሁለት የብሬከር ሳጥን ይሥራላችሁ፦ አንዱ ኢንቨርተሩ የሚመግበው፣ ሌላው መብራት ሲኖር ብቻ የሚሠራ። ቤት ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ፣ ለእማማም ለልጆቹም፣ የትኛው ሶኬት የባትሪ እንደሆነ በቀለም ምልክት አድርጉበት።

ወደ ሮቶ ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጎንደር ላይ ውሃ በመጣበት ሰዓት መብራት ከሌለ ሳምንቱን ሙሉ በጀሪካን መንከራተት ነው። ባለ 750 ዋት ፓምፕ ግማሽ ሰዓት ቢሠራ የሚበላው 400 ዋት ሰዓት አይሞላም። ባትሪው መስመር ላይ ይግባ እላለሁ። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ፓምፕ ሲነሣ ለቅጽበት ከተጻፈበት ዋት ብዙ እጥፍ ይስባል፣ ስለዚህ ኢንቨርተሩ ያንን የሚችል መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሊቲየም ወይስ ጄል?

አቅም ካለ ሊቲየም። ሊቲየም ስል ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለውን ማለቴ ነው። ቤት ውስጥ ለማስቀመጥ ከሌሎቹ የሊቲየም ዓይነቶች ይልቅ የተረጋጋ ነው፣ ቶሎ አይቀጣጠልም።

ልዩነቱ እንዲህ ነው። ጄልና ሌሎቹ የእርሳስ ባትሪዎች ከግማሽ በታች ሲወርዱ ዕድሜያቸው ያጥራል። ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ጄል 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ተብሎ ይሸጣል፣ በጤና የምትጠቀሙበት ግን 1.2 ብቻ ነው። የአንዱን ባለ 5.12 ሊቲየም ሥራ ለመሥራት 4 ጄል ይፈለጋል። 4 ጄል ደግሞ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ሊቲየሙ ግን 50 ኪሎ ገደማ ነው። ጄል በየቀኑ እየሞላ እየወረደ ብዙ መቶ ጊዜ፣ ቢበዛ ከሺህ ትንሽ አለፍ ብሎ ይሄዳል። ሊቲየሙ ብዙ ሺህ ጊዜ ይመላለሳል። መግዣው ይወደዳል፣ በዓመት ሲካፈል ግን ይረክሳል።

ጄልን ጨርሶ አትግዙ አልልም። መብራት በወር ጥቂት ቀን ብቻ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁና ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ሞልቶ የሚቀመጥ ከሆነ ያገለግላል። በወረደበት አታሳድሩት እንጂ። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ሰንብቶ መልሶ አይነሣም።

የጎንደር አየርም ለባትሪ ይስማማል። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። መተማ ላይ ይህ ትልቅ ራስ ምታት ነው፣ እኛ ጋ ግን አይደለም። ሊቲየም ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም። ደባርቅና ከዚያ ወደ ስሜን ወጣ ብሎ የሚኖር ሰው ባትሪውን ውጭ አያሳድር።

የመኪና ባትሪ አይሆንም?

አይሆንም። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር አስነሥቶ ወዲያው እንዲሞላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አምፖልና ቴሌቪዥን ሲጎትቱት ጥቂት ወር ነው የሚቆየው። አሮጌና አዲስ ባትሪም አታቀላቅሉ፣ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል።

ክረምት ፀሐይ የለም። ባትሪው በምን ይሞላል?

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፣ የሶላር ጉዳይ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ደመና ሲሆን ፓኔል ጨርሶ አያቆምም፣ በጣም ይቀንሳል እንጂ። በበጋ ቀን ጎንደር ላይ 5 ሰዓት ተኩል ያህል ሙሉ ፀሐይ (ፓኔሉ በሙሉ ጉልበቱ እንደሠራ የሚቆጠርበት) እናገኛለን ብለን እናስላ፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ለክፉ ቀን 2 ሰዓት ተኩል እንያዝ። ባለ 550 ዋት 2 ፓኔል በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ በበጋ ቀን 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። የዚያን ቤት 3.1 ይሸፍናል፣ ይተርፋልም። ያው 2 ፓኔል በነሐሴ 2 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው የሚሰጠው። አይበቃም። 4 ካደረጋችሁት ግን በነሐሴም 4 ያልፋል። አሁን ገባችሁ? ሁለተኛ ባትሪ ብትጨምሩ ባዶ ሣጥን ነው የጨመራችሁት። የምትሞሉበት ሲኖራችሁ ነው የመያዣው ብዛት የሚጠቅመው።

ሁለተኛው ነገር ሴቲንግ ነው። በበጋ ባትሪውን ማታ ማታ እየተጠቀሙ ቢል መቀነስ ጥሩ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ኢንቨርተሩ መጀመሪያ ፀሐይን፣ ቀጥሎ የመብራት ኃይልን መስመር፣ ባትሪውን ደግሞ መጨረሻ ላይ እንዲጠቀም አድርጉት። ባትሪው በመብራትም እንዲሞላ ፍቀዱለት። የክረምት ባትሪ ሁልጊዜ ሞልቶ መጠበቅ አለበት፣ ምክንያቱም መብራቱ መቼ እንደሚሄድ ማንም አይነግራችሁም።

ፓኔሉ ወደ ደቡብ ዞሮ 12 እስከ 15 ዲግሪ ቢያዘነብል ለጎንደር ልክ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ጠፍጣፋ አታድርጉት፣ አቧራው በዝናብ አይታጠብም። የጎረቤት ባሕር ዛፍ ከሰዓት ላይ ጥላ የሚጥልበት ከሆነ ባለቤቱን አነጋግራችሁ ቅርንጫፉን አስቆርጡ። አንድ ጥግ ላይ ያረፈ ጥላ የተያያዙትን ፓኔሎች ጭምር ጉልበት ይቀንሳል።

መብረቅስ?

ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ከተማ መብረቅን አሳምራ ታውቀዋለች። የደብረ ብርሃን ሥላሴ የመጀመሪያው ሕንፃ እንኳ የጠፋው በመብረቅ እንደሆነ ይነገራል።

ፓኔል መብረቅ አይጠራም፣ ይህ ፍርሃት ብቻ ነው። በቀጥታ የመታውን መብረቅም ማንም መሣሪያ ሙሉ በሙሉ አይከላከልም። ቤቶችን የሚጎዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ የመታው አይደለም። ራቅ ብሎ ይወርድና በሽቦው በኩል ሰተት ብሎ የሚገባው ነው፣ እሱን መከላከል ይቻላል።

የሚሠራው እንዲህ ነው። የፓኔሎቹ ፍሬምና ማቆሚያ ብረት በመዳብ ገመድ ይታሰርና መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ይገናኛል። የኢንቨርተሩ አካልም፣ የቤቱ ኧርዝም (ወደ መሬት የሚወርደው መስመር) ከዚሁ ጋር ይያያዛሉ። ለፓኔሉ የብቻው፣ ለቤቱ የብቻው ተብሎ ሳይገናኙ የተተዉ ዘንጎች አደገኛ ናቸው፣ መብረቁ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በዕቃችሁ ውስጥ አድርጎ ያልፋል። ከዚያ ሰርጅ ፕሮቴክተር፣ በሽቦ የሚገባውን ድንገተኛ ኃይል ወደ መሬት የሚመልስ ዕቃ፣ ይገባል። ሁለት ቦታ፦ ከፓኔል በሚመጣው በዲሲው በኩል አንድ፣ ከቆጣሪ በሚመጣው በኤሲው በኩል አንድ። አንዱን ብቻ መግጠም በር ዘግቶ መስኮት ከፍቶ ማደር ነው።

ብዙ ሰፈራችን ድንጋያማ ነው። አንድ ዘንግ ግማሽ ሜትር ገብቶ ድንጋይ ሲነካ ተቆርጦ ይቀርና “ኧርዝ ተሠርቷል” ይባላል። አትቀበሉ። በመለኪያ ይለካ፣ ተቃውሞው ከ10 ኦም በታች ይምጣ። ካልመጣ ዘንግ ይጨመር፣ ተራርቆ። መለኪያው የሚታመነው በበጋ ነው፣ አፈሩ ደርቆ እያለ። ክረምት ላይ እርጥብ መሬት ሁሉ ጥሩ ይመስላል።

ነጎድጓዱ ሲቀርብ የዲሲውን ማጥፊያ ማውረድ ትችላላችሁ። ማጥፊያው ሳይወርድ ግን የፓኔሉን ሶኬት በእጅ አትንቀሉ። ዲሲ ሲላቀቅ የሚፈጥረው ብልጭታ ያቃጥላል።

በረዶና ነፋስ ፓኔሉን አይሰብሩትም?

ደረጃውን ያሟላ ፓኔል 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የበረዶ ድንጋይ በሰከንድ 23 ሜትር ፍጥነት እየተተኮሰበት ይፈተናል። የተለመደው በረዶ አይሰብረውም። ነፋሱ ይበልጥ ያሳስበኛል። ፓኔሉ ቆርቆሮው ላይ ብቻ በሚስማር ከተያዘ ነፋሱ ከቆርቆሮው ጋር ያነሣዋል። ብሎኑ ቆርቆሮውን አልፎ ማገሩን ወይም ወራጁን መያዝ አለበት፣ እንጨቱም ያልበሰበሰ መሆኑ ይታይ። ከየብሎኑ ሥር ጎማ ይግባ፣ አለዚያ ሐምሌ ላይ በረንዳችሁ ያፈሳል።

ባትሪውን የት ላስቀምጠው?

ደረቅ፣ አየር የሚገባበት፣ ፀሐይ የማይመታው ቦታ። መኝታ ቤት አይሁን፣ አልጋ ሥር በፍጹም። ከሰል የሚነድበት ማዕድ ቤት አጠገብም አይሁን። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ከወለሉ ከፍ አድርጉት፣ ዶፍ ሲወርድ ግቢው ሞልቶ ወደ ቤት የሚገባበት ሰፈር አለ። አይጥ ገመድ ትበላለችና ገመዱ በቱቦ ውስጥ ይለፍ።

ኢንቨርተሬ 5 ኪሎዋት ይላል፣ ግን ከዚያ በታች እየሠራ ይጠፋል። ለምን?

አንዱ ምክንያት ከፍታው ሊሆን ይችላል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ዕቃው ሙቀቱን በደንብ አያስወጣም፣ ብዙ ኢንቨርተሮችም ከ2,000 ሜትር በላይ ጉልበታቸው እንደሚቀንስ መመሪያቸው ላይ ተጽፏል። ስትገዙ ይህን መስመር ፈልጉ፣ ትንሽ ትርፍ ያለውም ውሰዱ። ከዚያ በፊት ግን ማራገቢያው በአቧራ መዘጋቱን እዩ። ሌላው የቀጠነ ገመድ ነው። 5 ኪሎዋት ከባትሪ ሲሳብ ከ100 አምፒር በላይ ነው፣ ገመዱ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ቀጥኗል።

አሜሪካ ባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ዘመዶቼ ባትሪ አስገብተዋል። እነሱ ያሉኝን ልከተል? ዕቃውንስ ይላኩልኝ?

ከእነሱ የምንማረው አለ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ሲመታ መብራት ለሁሉም ቤት እስኪመለስ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ከመስመሩ ጋር ብቻ የሚሠራ ሶላር የነበራቸው ሰዎች ፀሐይ እየወጣ ጨለማ ውስጥ ተቀመጡ። ብዙ ሰው ባትሪ መጨመር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሌላም ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ካጥለቀለቀ በኋላ የባሕር ውሃ የገባባቸው የኤሌክትሪክ መኪና ሊቲየም ባትሪዎች ከቀናት በኋላ እየተቀጣጠሉ አስቸግረዋል። የእነሱ ባለሙያዎች ባትሪ ከጎርፍ ከፍታ በላይ ይሰቀል፣ ብረቱ ጨው የማይበላው ይሁን የሚሉት ለዚህ ነው።

የጨዉ ጉዳይ እኛን አይመለከትም። ከፍ አድርጎ መስቀሉና የመስመር ጥገኛ አለመሆኑ ይመለከተናል። ዕቃውን ግን አያምጡት። የአሜሪካ ቤት በ120 እና በ240 ቮልት፣ በ60 ኸርዝ ነው የሚሠራው፣ የእኛ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም። መርዳት ከፈለጉ ገንዘቡን ይላኩና ዋስትና ከሚሰጥ ሻጭ እዚሁ ግዙ።

ተከራይ ነኝ፣ ጣሪያው የኔ አይደለም።

ትንሽ ባትሪና ኢንቨርተር አንድ ላይ የያዘ፣ ከግድግዳ ሶኬት የሚሞላ ዕቃ አለ። ለአምፖል፣ ለዋይፋይ፣ ለላፕቶፕ ይበቃል፣ ቤት ስትቀይሩም ተሸክማችሁት ትሄዳላችሁ። አንድ ነገር አደራ፦ የኢንቨርተርን ኃይል በገመድ ወደ ግድግዳ ሶኬት መልሳችሁ አትስኩ። ቤቱን በሙሉ ያበራል ብለው የሚያደርጉት አሉ። ምሰሶ ላይ የወጣውን ሰው የሚገድለው እሱ ነው።

ባለሙያው “ጨርሻለሁ” ሲለኝ ምን ልይ?

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ዋናውን ብሬከር እናንተው አውርዱት። አምፖሎቹ ሳይቆራረጡ ከቀጠሉ ጥሩ። ፍሪጁና ፓምፑ በአንድ ላይ ሲነሡ ኢንቨርተሩ ይችላቸዋል? ምጣዱን ሰኩት፣ መሥራት የለበትም። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ወይም ብሬከር መኖሩን ጠይቁ፣ ብሬከሩ ላይ ዲሲ የሚል መጻፉንም አንብቡ። የኤሲ ብሬከር ዲሲን በትክክል አይቆርጥም፣ እሳት ያስነሣል። የኧርዙን ልኬት ቁጥር በወረቀት ይጻፍላችሁ። ማታ ደግሞ ባትሪው በመቶ ስንት ላይ እንዳለ ጻፉ፣ ጠዋት ስትነሡም እንዲሁ። የወረደው ካሰላችሁት በጣም ከበለጠ ያልቆጠራችሁት ዕቃ አለ ማለት ነው፣ ባለሙያው ከሰፈር ሳይርቅ ደውሉለት።